ማስተማር በምን ይመዘናል? የሕክምና ትምህርት ቤት መምህራን የማዕረግ ዕድገትና የቋሚነት መብት

መግቢያ

መምህር የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ የሚቈጠርለት ግን ሁሉም አይደለም። አንድ የትምህርት ተቋም መምህራኑን ከአንድ ማዕረግ ወደ ሌላው ሲያሳድግ የትኛውን ሥራ ቈጥሮ የትኛውን እንደሚተው ማወቅ፣ የተቋሙን እውነተኛ ዓላማ ለመረዳት ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ነው። በመተዳደሪያ ደንቡ መግቢያ ላይ «ዋናው ተግባራችን ማስተማር ነው» ተብሎ ቢጻፍም፣ የዕድገት መመዘኛው ሌላ ነገር የሚቈጥር ከሆነ፣ መምህሩ የሚከተለው መመዘኛውን እንጂ መግቢያውን አይሆንም። ፈተና ለተማሪው ምን ማጥናት እንዳለበት እንደሚነግረው ሁሉ፣ የዕድገት መመዘኛም ለመምህሩ ምን መሥራት እንደሚገባው ይነግረዋል። ከዚህ አኳያ ሲታይ የዕድገት መመዘኛ የመምህሩ የራሱ ሥርዓተ ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጉዳይ ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በተወሰደ ምሳሌ ማብራራት ነው። ምሳሌው የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሕክምና መምህር ማከምን፣ መመራመርንና ማስተማርን ባንድነት ስለሚሠራ፣ ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ ይመዘን የሚለው ጥያቄ በእርሱ ዘንድ ከሌሎች መምህራን ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ሁለተኛ፣ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራባቸው የረዳት ፕሮፌሰር፣ የተባባሪ ፕሮፌሰርና የፕሮፌሰር ማዕረጎች በዚያም የሚታወቁ በመሆናቸው፣ እዚያ የተነሣው ችግርና የተሞከረው መፍትሔ ለእኛም ትምህርት ይሰጣል።

1. ማዕረግና ቋሚነት የተለያዩ ነገሮች ስለ መሆናቸው

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። የማዕረግ ዕድገት ማለት መምህሩ በሙያው የደረሰበትን ደረጃ የሙያ ባልደረቦቹ መርምረው የሚመሰክሩለት እውቅና ነው። በአሜሪካው ቃል ቴንዩር ተብሎ የሚጠራው የቋሚነት መብት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህን መብት ያገኘ መምህር በበቂ ምክንያት፣ ያውም ጉዳዩ በሥርዓት ተሰምቶ ካልሆነ በቀር፣ ወይም ተቋሙ እውነተኛ የገንዘብ ችግር ላይ ካልወደቀ በቀር፣ እስከ ጡረታው ድረስ ከሥራው አይሰናበትም።

የቋሚነት መብት የተደነገገው መምህሩን ለመሸለም ሳይሆን እውነትን ለመጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር በዚያው ዓመት ባወጣው መግለጫ፣ መምህር በምርምሩ የደረሰበትን ውጤት ያለ ፍርሃት የመናገር ነፃነት እንዲኖረው ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ማኅበሩ ከአሜሪካ ኮሌጆች ማኅበር ጋር በመሆን እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ የሚያገለግለውን የጋራ መግለጫ አወጣ። በዚህም መሠረት የመምህሩ የሙከራ ጊዜ ከ7 ዓመት መብለጥ የለበትም፤ ቋሚነት የማይሰጠው ከሆነም የሙከራው ጊዜ ከማለቁ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በሕክምና ትምህርት ቤት የዚህ መብት ጥቅም በቀላሉ ይታያል። በገበያ ላይ ያለ አንድ መድኃኒት ጉዳት እንዳለው የተገነዘበ ሐኪም፣ አምራቹን አስቀይሜ እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ከሰጋ ዝም ሊል ይችላል፤ የዝምታው ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በበሽተኛው ነው።

ሆኖም የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ ውሳኔው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ መምህሩ ቋሚ ይሆናል፣ አለዚያም ቦታውን ይለቅቃል። በዚህም የተነሣ እነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት መምህሩ ጊዜውን ለየትኛው ሥራ ማዋል እንዳለበት አጥብቆ የሚያስብባቸው ዓመታት ይሆናሉ።

2. ሦስቱ ሥራዎች እንዴት እንደ ተራራቁ

የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት መልክ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ሐኪም ሳይሆን የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ይህ ሰው አብርሃም ፍሌክስነር ሲሆን፣ በትውልድ ከተማው በሉዊቪል የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ለዓመታት አስተምሯል። በካርኔጊ ፋውንዴሽን ተልኮ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተመለከተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ሪፖርት ብዙዎቹ ያለ ቤተ ሙከራና ያለ በቂ ሆስፒታል፣ ለትርፍ ብቻ የሚሠሩ መሆናቸውን አጋለጠ። ሕክምና በዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከምርምር ጋር ተቆራኝቶ እንዲሰጥም ሐሳብ አቀረበ። ለዚህ አርአያ አድርጎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተውን የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1913 ይኸው ትምህርት ቤት ከሮክፌለር ሀብት ከተቋቋመው የአጠቃላይ ትምህርት ቦርድ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶት፣ የክሊኒክ ፕሮፌሰሮቹ የግል ሕክምናቸውን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለማስተማርና ለምርምር እንዲያውሉ አደረገ። ይህ አሠራር ያለ ተቃውሞ አልተጀመረም። ተማሪዎችን ከንግግር አዳራሽ አውጥቶ በሕሙማን አልጋ ዳር በማስተማር ስሙ የገነነው ዊሊያም ኦስለር፣ በ1905 ወደ ኦክስፎርድ ከሄደ በኋላ በ1911 ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በጻፈው ደብዳቤ፣ መምህሩ ከሕሙማን ርቆ በቤተ ሙከራ እንዳይወሰን ያለውን ሥጋት ገልጿል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በብሔራዊ የጤና ተቋማት አማካይነት ለምርምር ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ጀመረ። የታተመ ጽሑፍና የተገኘ የምርምር ገንዘብም ዋና የዕድገት መለኪያዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለአረጋውያንና ለድኾች ሕክምና የሚከፍሉት ሜዲኬርና ሜዲኬድ የተባሉ መርሐ ግብሮች ሲደነገጉ ደግሞ ከሕክምና አገልግሎት የሚገኘው ገቢ አደገ። ከዚህ በኋላ የመምህሩ ጊዜ በሁለት ወገን ይሳብ ጀመር፤ ምርምሩ ዝና ያመጣል፣ ሕክምናው ገንዘብ ያመጣል። ማስተማር ግን ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበት ምክንያት ሆኖ ሳለ ከሁለቱ አንዱንም ባለማምጣቱ፣ በመካከል ባለቤት እንደሌለው ንብረት ሆኖ ቀረ።

የዚህ ጉዳት በመምህሩ ብቻ የሚቆም አይደለም። በአልጋ ዳር ማስተማር የሚያስቀጣ ከሆነ ልምድ ያለው ሐኪም ከዚያ ይሸሻል፤ ተማሪውም የበሽተኛን ልብ ማዳመጥና ሆድ መዳሰስ የሚማረው ከእርሱ አንድና ሁለት ዓመት ብቻ ከቀደመው ሐኪም ይሆናል። በሚገባ ሳይማር የወጣው ሐኪም ነገ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ብዙ ሰው ማከሙ አይቀርም።

3. የተለዩ የዕድገት መስመሮች

ይህን ችግር ለማቃለል ብዙ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ መምህራኑን በአንድ መስፈርት ከመመዘን ይልቅ የተለያዩ የዕድገት መስመሮችን ዘረጉ። በአንደኛው መስመር የሚሄደው መምህር በዋናነት በምርምሩ ተመዝኖ የቋሚነት መብት ያገኛል። በሁለተኛው መስመር የሚሄደው ሐኪም መምህር ደግሞ ዋና መመዘኛዎቹ የሕክምና ብቃቱና የማስተማር ሥራው ናቸው። በማዕረግም እንደ ሌላው ሁሉ እስከ ፕሮፌሰርነት ሊደርስ ይችላል።

መስመሩ መለየቱ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ መምህሩ በተመደበበት ሥራ መመዘኑ ነው፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን በሕሙማን መካከል የሚውል ሐኪም፣ በቤተ ሙከራ ከሚውል ተመራማሪ ጋር በጽሑፍ ብዛት አይወዳደርም። ጉዳቱ ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለተኛው መስመር የቋሚነት መብት የሌለው፣ በየተወሰነ ዓመት በሚታደስ ውል የሚሠራበት መሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ ማዕረግና ቋሚነት ተነጣጠሉ። በክሊኒክ ክፍሎች ከሚሠሩት የሙሉ ጊዜ መምህራን መካከል ቋሚነት ያላቸው ወይም ወደ ቋሚነት በሚወስደው መስመር ያሉት ድርሻ ባለፉት አሥርተ ዓመታት እየቀነሰ መጥቷል። በተጨማሪም የሕክምና መምህር ደመወዝ ከሕክምና ገቢና ከምርምር ገንዘብ ጭምር ስለሚከፈል፣ ቋሚነት የሥራ ቦታን እንጂ መላውን ደመወዝ ዋስትና የማይሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ስለዚህ አዲስ የሚቀጠር ሐኪም የትኛውን መስመር እንደሚከተል፣ መስመሩ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር የሚቻልበትን ጊዜም ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ማወቅ ይገባዋል።

4. ማስተማር እንደ ምሁራዊ ሥራ

መስመሩ ቢለይም አንድ ጥያቄ አልተመለሰም። ምርምርን ለመመዘን የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል፤ ማስተማር ግን ደወሉ ሲደወል የሚያበቃ ሥራ ነው። ታዲያ ያላየው ኮሚቴ እንዴት ይመዝነዋል?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደረገው ፍሌክስነርን የላከው ያው ካርኔጊ ፋውንዴሽን ነው። በጊዜው ፕሬዚዳንቱ የነበረው ኧርነስት ቦየር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት፣ ምሁራዊ ሥራ አዲስ እውቀትን በማግኘት ብቻ እንደማይወሰን አስረዳ። በእርሱ አከፋፈል ምሁራዊ ሥራ አራት ዓይነት ሲሆን፣ እነርሱም እውቀትን ማግኘት፣ እውቀትን ማዋሐድ፣ እውቀትን በሥራ ላይ ማዋልና ማስተማር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ግላሲክ፣ ሁበርና ማይሮፍ አራቱንም ዓይነት በእኩል ለመመዘን የሚያገለግሉ ስድስት መስፈርቶችን አቀረቡ። እነዚህም ግልጽ ዓላማ፣ በቂ ዝግጅት፣ ተስማሚ ዘዴ፣ ጠቃሚ ውጤት፣ ጥሩ አቀራረብና ራስን የመመርመር ልማድ ናቸው።

ቀጥሎ የፋውንዴሽኑ ፕሬዚዳንት የሆነው ሊ ሹልማን፣ የማስተማር ሥራ ምሁራዊ ለመባል ማሟላት የሚገባውን በሦስት ነጥብ አጠቃልሎታል። ሥራው ለሌሎች የተገለጠ ይሁን፤ በሙያው ባልደረቦች ሊመረመርና ሊተች የሚችል ይሁን፤ ሌሎችም ወስደው ሊሠሩበትና ሊያሻሽሉት የሚችሉ ይሁን። እዚህ ላይ በጥሩ መምህርነትና በምሁራዊ መምህርነት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጥሩ መምህር ተማሪዎቹን ይጠቅማል፤ ሥራውን ጽፎ ለምርመራ ያቀረበ መምህር ግን የሌላ መምህር ተማሪዎችንም ይጠቅማል።

የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ባካሄደው ጉባኤ ይህን አስተሳሰብ ወደ ሕክምና ትምህርት አምጥቶ፣ ለዕድገት ሊቀርብ የሚገባውን የትምህርት ሥራ በአምስት ከፍሎታል፤ ማስተማር፣ ሥርዓተ ትምህርት ማዘጋጀት፣ ተማሪን መምከርና ማነጽ፣ የትምህርት ሥራን መምራትና የተማሪን ውጤት መመዘን። በእያንዳንዱ ዘርፍ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ምን ያህል ተሠራ፣ ምን ያህል በጥራት ተሠራ፣ ሥራውስ ከሌሎች የሙያው ሰዎች ሥራ ጋር እንዴት ተገናኘ።

5. የሥራው ማኅደር ሲዘጋጅ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንዲት የሕፃናት ሐኪም የሆነች ረዳት ፕሮፌሰር እንውሰድ። ይህች መምህርት ተማሪዎቿ በተቅማጥ የታመመን ሕፃን ሲመረምሩ፣ ከሰውነቱ የጎደለውን ፈሳሽ መጠን በትክክል መለየት እንደሚያቅታቸው አስተዋለች እንበል። መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን የሕፃኑ ዓይን መጎድጎዱን፣ የሆዱም ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ መመለሱን በዓይናቸው ለይተው አያዩም።

መምህርቷ እንደ ወትሮው በቃል አርማቸው ብታልፍ ሥራዋ በዚያው ጠዋት ተጀምሮ በዚያው ጠዋት ያበቃል፤ በዕድገት ኮሚቴ ፊት የሚታይ ነገር አይኖርም። ዳሩ ግን ተማሪው በሳምንቱ መጨረሻ ምን መለየት እንደሚገባው ዓላማውን ብትጽፍ፣ ከዚህ ቀደም በጉዳዩ የተሠራውን ብታነብ፣ ለአልጋ ዳር ትምህርቱ አጭር የምልከታ ቅጽ ብታዘጋጅ፣ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ የተማሪዎቹን ምርመራ ከራሷ ምርመራ ጋር ብታነጻጽር፣ አንድ የሥራ ባልደረባዋም ተቀምጦ አይቶ አስተያየቱን በጽሑፍ ቢሰጣት፣ ከዚያም ያልሠራውን ክፍል አሻሽላ ቅጹን ለሌሎች ክፍሎች ብታካፍል፣ ስድስቱን መስፈርቶች አንድ በአንድ አሟላች ማለት ነው። የትምህርት ቤት መምህራን ይህን ሲያነቡ ተግባራዊ ምርምር በሚል ስም የሚያውቁትን አሠራር ማስታወሳቸው አይቀርም፤ በመሠረቱም አንድ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ፖርትፎሊዮ በሚባለው የመምህርነት ማኅደር ውስጥ ይሰበሰባል። በማኅደሩ መጀመሪያ መምህሩ ስለ ማስተማር ያለውን እምነት በአጭሩ ይጽፋል። ቀጥሎ ያስተማራቸው ትምህርቶች፣ የተማሪዎቹ ቁጥርና የሰዓቱ ብዛት፣ ያዘጋጃቸው መሣሪያዎች፣ የተማሪዎችና የባልደረቦች ግምገማ፣ በመጨረሻም በግምገማው ተመሥርቶ ያሻሻለው ነገር ይገባል። ማኅደሩ ለውሳኔ ሲቀርብ ከመምህሩ የሥራ ታሪክና ከክፍል ኃላፊው ደብዳቤ ጋር ይያያዛል። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተመረጡ፣ ከአመልካቹ ጋር የቅርብ የሥራ ግንኙነት የሌላቸው ፕሮፌሰሮችም ሥራውን መርምረው አስተያየት ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤቱ የዕድገት ኮሚቴ፣ ዲኑና የዩኒቨርሲቲው የበላይ አካል በየተራ ያዩታል። በብዙ ቦታ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የመምህሩ ሥራ ከራሱ ተቋም ውጭ መታወቅ የጀመረ እንዲሆን፣ ለፕሮፌሰርነት ደግሞ በአገር አቀፍ ወይም በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ እንዲሆን ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ በመጨረሻው ዓመት መሰብሰብ አይቻልም። ካለፉት ዓመታት የተማሪዎች አስተያየት ያልተያዘ ከሆነ ኋላ ተመልሶ የሚገኝበት መንገድ የለም። ስለሆነም የሚሠራበት ደንብ መምህሩ በተቀጠረበት ዓመት ማኅደሩን እንዲከፍት፣ በየዓመቱ ከክፍል ኃላፊው ጋር ተቀምጦ እንዲመረምር፣ በሙከራው ጊዜ አጋማሽም የመንፈቅ ፈተና እንደሚባለው ያለ ግምገማ ተደርጎለት፣ የጎደለውን ለማሟላት ጊዜ ሳያልፍበት እንዲያውቅ ያደርጋል። ልምድ ያለው አማካሪ ማግኘትም ከዚህ የማይተናነስ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ወጣቱ መምህር እያንዳንዱን የኮሚቴ ሥራ እሺ እያለ ሲቀበል ለዋናው ሥራው ጊዜ እንዳያጣ የሚመክረው እርሱ ነው።

6. ለትምህርት ቤቶቻችን የሚሰጠው ትምህርት

በአገራችን ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በተዘረጋው የደረጃ ዕድገት መሰላል፣ የትምህርት ቤት መምህር ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር በኩል ወደ መሪ መምህርነት እንዲደርስ ታስቧል። የሥራ ማኅደርም በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር አማካይነት ለመምህራን እንግዳ አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቱና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሁኔታ ቢለያይም፣ ከላይ ከተገለጸው ልምድ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ማጤን ይችላሉ።

ሀ) መመዘኛው መምህሩ ሥራ ሲጀምር ይነገር። በመጨረሻ የሚገለጥ መስፈርት መምህሩን አይመራውም፤ ይቀጣዋል እንጂ።

ለ) መምህሩ በተመደበበት ሥራ ይመዘን። ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምረውንና በአስተዳደር ሥራ የተጠመደውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁለቱም ፍትሕ አይሆንም።

ሐ) ማስረጃው ከአንድ ምንጭ ብቻ አይምጣ። የተማሪ አስተያየት ጠቃሚ ቢሆንም፣ ተማሪ መምህሩ በግልጽ ማስረዳቱን እንጂ ያስረዳው ነገር ትክክል መሆኑን ሁልጊዜ ሊመሰክር አይችልም። የኃላፊ አስተያየት ብቻም ወዳጅነትና ቅሬታ ሊያዘነብለው ይችላል። በክፍል ውስጥ ተገኝቶ ያየ ባልደረባ፣ የተማሪዎች ሥራና ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ገምጋሚ ባንድነት ሲመሰክሩ ግን ፍርዱ ይታመናል።

መ) ማኅደሩ በክብደቱ አይመዘን። ምስክር ወረቀትና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የታጨቀበት ወፍራም ማኅደር፣ አንድ የማስተማር ችግር ተለይቶ የተፈታበትን ቀጭን ማኅደር ሊበልጥ አይገባም። ጥያቄው «ስንት ገጽ ነው?» ሳይሆን «ከዚህ ሥራ በኋላ ተማሪዎቹ ቀድሞ የማይችሉትን ምን ቻሉ?» የሚል መሆን ይኖርበታል። ማኅደር የወረቀት ክምር ከሆነ መምህሩ ለማስተማር ሊያውለው የሚችለውን ጊዜ ይበላል፤ ይጠብቀዋል የተባለውን ነገር መልሶ ያጠፋል።

መደምደሚያ

የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የደረሱበት መፍትሔ ፍጹም አይደለም። ለሐኪም መምህሩ የማዕረጉን መንገድ ሲከፍቱ፣ በብዙ ቦታ የቋሚነቱን በር ዘግተውበታል። ይህም ማስተማር ከምርምር እኩል ነው የሚለው ቃል ገና በተግባር ያልተሟላ መሆኑን ያሳያል። ቢሆንም አንድ መሠረታዊ ነገር አስተምረዋል፤ ማስተማር አይመዘንም የሚባለው ሥራው በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ባልደረባም ካላየውና ካልተቸው ነው። ሰፍሮና ታይቶ ሲቀርብ ግን እንደ ማንኛውም ምሁራዊ ሥራ ይመዘናል።

ስለዚህ የዕድገት ደንብ የሚያረቅቅ ማንኛውም ክፍል፣ ነጥቦቹን ከማከፋፈሉ አስቀድሞ ደንቡን ጠንቅቆ የሚከተል አንድ ትጉህ መምህር በአሥር ዓመት ውስጥ ምን ዓይነት መምህር እንደሚሆን ቢያስብ ይበጃል። በደንቡ የተመራው መምህር ከክፍሉ እየራቀ የሚሄድ ሆኖ ከተገኘ፣ መታረም ያለበት መምህሩ ሳይሆን ደንቡ ነው።